የመተማ ሜዳ ጥቁር ዋልካ፦ ቨርቲሶል ነው ወይስ ቨርቲክ ካምቢሶል?

ጥያቄ፦ ቆላ_አግሮኖሚ

ሰላም ለሁላችሁ። በመተማ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ተዳፋቱ ከ1 በመቶ በታች የሆነ 200 ሄክታር ያህል መሬት ለመስኖ እየተጠና ነው። እስካሁን በክረምት ዝናብ ሰሊጥና ማሽላ እየተፈራረቀ ይዘራበታል። የአፈሩ ስም ላይ ባለሙያዎቹ አልተስማማንም። ቨርቲሶል ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ነው፤ ቨርቲክ ካምቢሶል ግን ይህ ጠባይ ቢታይበትም የቨርቲሶልን መመዘኛ ያልሞላ፣ ብዙ ያልዳበረ አፈር ነው። ስሙ ከተሳሳተ የመስኖ ንድፉም አብሮ ስለሚሳሳት ዝርዝሩን አቀርባለሁ።

በየካቲት 1.8 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሯል። የተነበበው ይህ ነው፦

ከ0 እስከ 20 ሳ.ሜ፦ እርጥብ ቀለሙ በመንሰል የቀለም መለያ 10 ዋይአር 3/1 (3 የብርሃኑ መጠን ወይም ቫልዩ፣ 1 የቀለሙ ድምቀት ወይም ክሮማ)፣ ደረቁ 4/1። ላዩ እንደ ሽንብራ ፍሬ ፈረፈር ያለ። ሸክላ 58 በመቶ፣ ፒኤች 8.1። ሲኢሲ (አፈሩ እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን የመያዝ አቅሙ) 58፣ ሶዲየም 1.2፣ ማግኒዥየም 14 ሴንቲሞል በኪሎ።

ከ20 እስከ 90 ሳ.ሜ፦ ቀለሙ ያው ነው፤ ትልልቅና እጅግ ጠንካራ ጓል። ሸክላ 64 በመቶ፣ ፒኤች 8.4። ሲኢሲ 58፣ ሶዲየም 2.4።

ከ90 እስከ 140 ሳ.ሜ፦ እርጥብ ቀለሙ 10 ዋይአር 3/2፣ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ያሉበት። ሸክላ 66 በመቶ፣ ፒኤች 8.7፣ ካልሲየም ካርቦኔት 11 በመቶ። ሲኢሲ 55፣ ሶዲየም 7.5፣ ማግኒዥየም 16።

ላዩ ላይ ያለው ንቃቃት ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ ይሰፋል፤ ቀጭን ሽቦ ሲሰደድበት እስከ 80 ሳ.ሜ ይወርዳል። ነገር ግን በግድግዳው ላይ የተንሸራተተ አንጸባራቂ ገጽ (ስሊከንሳይድ) አልታየም። በዚህ ምክንያት አንድ ባልደረባ «ቨርቲክ ካምቢሶል ነው» ይላል፤ የድሮው ካርታ ደግሞ «ፔሊክ ቨርቲሶል» ይለዋል። ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ከ20–90 ሳ.ሜ የተወሰደው አንዱ ናሙና በአንድ ቤተ ሙከራ 41 በመቶ፣ በሌላው 64 በመቶ ሸክላ ተብሎ መምጣቱ ነው።

ትክክለኛው ስም የትኛው ነው? የትኛውን የላብ ውጤት እንመን? ከዚህ ስም ተነሥተን ስለ ቦይና ስለ እርሻ ምን እንወስን?

መልስ፦ አፈር_ቀያሽ

መጀመሪያ ግድግዳው በምን እንደተዘጋጀ እዩ። ጉድጓዱ በአካፋ ተልጎ ከለሰለሰ ስሊከንሳይድ ቢኖርም አይታይም። አካፋው ሸክላውን እየለቀለቀ ያልፋልና እውነተኛውን ገጽ ይሸፍናል፤ ይባስ ብሎ የራሱን ሐሰተኛ አንጸባራቂ ገጽ ይተዋል። በዋልካ ላይ በብዛት የሚታየው የምደባ ስሕተት ከዚህ ነው የሚመጣው።

እንዲህ አድርጉ። ከ40 ሳ.ሜ ጀምራችሁ እስከ 130 ሳ.ሜ ድረስ፣ ከግድግዳው 10 ሳ.ሜ ያህል ወደ ውስጥ፣ በጠንካራ ቢላዋ ወይም በዶማ ጫፍ እየፈለቀቃችሁ አውጡ። መቁረጥ አይደለም፤ አፈሩ በራሱ መለያያ እንዲላቀቅ መጎልጎል ነው። የወጣውን ጓል ይዛችሁ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ በጎን እንዲመታው አዘንብሉት። ስሊከንሳይድ ከሆነ ገጹ ያንጸባርቃል፤ ላዩ ላይ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። ጭረቱ ወሳኝ ነው። ጭረት የሌለው አንጸባራቂ ገጽ የግፊት ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በቀይ ኒቲሶል ላይም ይገኛል። በቀዳዳዎችና በሥር መንገዶች ውስጥ ብቻ የተለጠፈ አንጸባራቂ ሽፋን ደግሞ በውኃ ተጓጉዞ የወረደ ሸክላ ነው።

ቀጥሎ ያዘነበለበትን ማዕዘን ለኩ። በክር የተንጠለጠለ ድንጋይና የተማሪ ፕሮትራክተር ይበቃል። ሁለት አንጸባራቂ ገጾች ሲቋረጡ መካከላቸው የሚቀረው ጓል እንደ እንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ይሆናል። የደብሊውአርቢ (የዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ሥርዓት) መመዘኛ ይህ ነው፦ ቢያንስ 25 ሳ.ሜ ውፍረት ባለው ንብርብር ውስጥ ሸክላው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ንቃቃት ይኑር፤ ከዚህ ጋር ወይ ከአፈሩ ይዘት ቢያንስ 20 በመቶው ከአግድም መስመር ከ10 እስከ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ሽብልቅ ጓል ይሁን፣ ወይ ከጓሎቹ ገጽ ቢያንስ 10 በመቶው ስሊከንሳይድ ይሁን። ንብርብሩ ከመሬቱ ገጽ በ100 ሳ.ሜ ጥልቀት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከእርሱ እስከ መሬቱ ገጽ ያለውም ሁሉ 30 በመቶ ሸክላ ይኑረው፤ ንቃቃቱም ከገጹ ወይም ከእርሻው ንብርብር ሥር ተነሥቶ ይድረስበት። መቶኛውን በግምት አትጻፉ። ከተለያየ ጥልቀት 50 ገጾች ቁጠሩ፤ 5ቱ ጭረት ካላቸው 10 በመቶው ሞልቷል።

ወቅቱም አልረዳችሁም። በየካቲት የላይኛው 60 ሳ.ሜ እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ ገጾቹ ደብዝዘው ይሰባበራሉ። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው፤ አፈሩ ሳይጣበቅ ይላቀቃል። አሁን ማየት ካለባችሁ ከ70 ሳ.ሜ በታች ያለው እርጥበት ስላለው እርሱ ላይ አተኩሩ።

ስለ ድሮው ካርታ፦ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋኦና የዩኔስኮ መለያ ቨርቲሶልን በቀለም ብቻ ለሁለት ይከፍለው ነበር፤ ጥቁሩ ፔሊክ፣ ቀላ ወይም ቡና የሚለው ክሮሚክ። በ1988ቱ ክለሳ ሁለቱም ቀርተው ዩትሪክ፣ ዲስትሪክ፣ ካልሲክና ጂፕሲክ ተተኩ። በዛሬው ደብሊውአርቢ ፔሊክ የሚለው ቃል ተመልሷል፤ ትርጉሙ ግን የላይኛው 30 ሳ.ሜ እርጥብ ቀለም ቫልዩ 3ና በታች፣ ክሮማ 2ና በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ካርታ ላይ አንድ ቃል ስላያችሁ አንድ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉ።

ደግሞም ጥቁረቱ አያሳስታችሁ። በብዙ ዋልካ ላይ የኦርጋኒክ ካርቦኑ መጠን አነስተኛ ነው፤ ጥቁረቱ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ከተያያዘ ጥቂት ሑሙስ የሚመጣ ነው። «ጥቁር ነውና ናይትሮጅን አያንሰውም» የሚለው ግምት ገበሬውን ሲጎዳ ኖሯል።

መልስ፦ ቤተ_ሙከራ

የ41ና የ64 ልዩነት የመጣው ከአፈሩ ሳይሆን ናሙናው በውኃ ውስጥ በደንብ ካለመበተኑ ነው። ማረጋገጫው እጃችሁ ላይ አለ፦ ሲኢሲውን ለሸክላው አካፍሉ። 58 ለ0.41 ሲካፈል 141 ሴንቲሞል በኪሎ ሸክላ ይመጣል። ይህ ንጹሕ ስሜክታይት (ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን) ብቻውን የሚይዘውን የላይኛውን ጫፍ የሚጠጋ ነው፤ በመስክ አፈር ላይ አይጠበቅም። 58 ለ0.64 ሲካፈል ግን 91 ነው፤ ከባዛልት የመጣ ስሜክታይት ለበዛበት ዋልካ የሚመጥን ቁጥር ነው። 64ቱን ያዙ።

በሃይድሮሜትር (በፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) ስትሠሩ እነዚህን ጠብቁ። ለዋልካ 50 ግራም ይበቃል፤ 100 ግራም ለአሸዋማ አፈር ነው። በአየር የደረቀ ዋልካ ከ6 እስከ 10 በመቶ ውኃ ይዞ ስለሚቀር ከናሙናው ጥቂቱን በ105 ዲግሪ አድርቃችሁ እውነተኛውን ክብደት አስሉ፤ ይህ ከተዘለለ ሸክላው ያንሳል። በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ኦርጋኒኩን አስወግዱ። ከዚያ በሊትር 50 ግራም የተሟሟ የሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት 100 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። በማግስቱ በኤሌክትሪክ ማማሰያ 15 ደቂቃ ምቱት። 5 ደቂቃ ብቻ የተመታ ዋልካ ጥቃቅን ጓሉ ሳይፈታ ይቀራል፤ መሣሪያውም ያንን እንደ ደለል ወይም እንደ አሸዋ ይቆጥረዋል። 41 የመጣው ከዚህ እንደሆነ እገምታለሁ።

የሙቀት ማረሚያውንም አትርሱ። ከ20 ዲግሪ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.36 ግራም በሊትር ይደመራል። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ 3.6 ግራም ነው፤ በ50 ግራም ናሙና ላይ 7 በመቶ ያህል ማለት ነው። አፈር የሌለበት ማነጻጸሪያ ሲሊንደር በዚያው ሙቀት ካነበባችሁና ከቀነሳችሁ ግን ማረሚያው በውስጡ አለ፤ ደግማችሁ አትደምሩ። የሸክላውን ንባብ በ2 ሰዓት ሳይሆን በ8 ሰዓት ውሰዱ፤ በ2 ሰዓት ገና ያልሰፈረ ረቂቅ ደለል አብሮ ይቆጠራል።

የማበጥና የመኮማተር ልኩን ያለ ውድ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋውን አፈር እጅ ላይ ለጠቅ እስኪል ድረስ በተጣራ ውኃ አቡኩት፤ ጫፉ በተቆረጠ 1 ሳ.ሜ ስፋት ባለው ስሪንጅ ገፍታችሁ 10 ሳ.ሜ የሚረዝሙ ዘንጎች አውጡ። 2 ቀን በጥላ፣ ከዚያ በምድጃ አድርቁ። ደረቁን ርዝመት ከእርጥቡ ቀንሳችሁ ለደረቁ አካፍሉ። 10 ሳ.ሜ የነበረው 8.9 ቢሆን 1.1 ለ8.9፣ ማለትም 0.12 ነው። ከ0.06 በላይ የሆነ አፈር ጉልህ የማበጥ ጠባይ አለው። በፀሐይ ያደረቃችሁት ዘንግ ይጣመማል፤ ርዝመቱም ሐሰት ይሆናል።

ካርቦኔቱ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ናሙናው ሲፈጭ እንክብሎቹ አብረው ተፈጭተዋል? ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጡት በወንፊት ቀርተው ለብቻ መመዘን አለባቸው፤ ከተፈጩ 11 የተባለው ከእውነተኛው በላይ ነው። ሌላው፣ ኖራ ባለበት አፈር ላይ አሞኒየም አሲቴት በፒኤች 7 ካርቦኔቱን እያሟሟ ካልሲየሙን ያንረዋል። ስለዚህ «ቤዝ ሳቹሬሽን (ካልሲየምን የመሳሰሉት ከሲኢሲው የያዙት ድርሻ) 130 በመቶ» የሚል ወረቀት ካያችሁ አትደንግጡ፤ አትጠቀሙበትም። ለሲኢሲው በፒኤች 8.2 የሚሠራውን የሶዲየም አሲቴት ዘዴ ጠይቁ።

ቆላ_አግሮኖሚ

እናመሰግናለን። እንክብሎቹ ለብቻ ተነፍተው ነበር፤ 11 በመቶው የረቂቁ አፈር ነው። ግድግዳውን በተባለው መንገድ ስንፈለቅቀው ከ45 ሳ.ሜ ጀምሮ ጭረት ያላቸው ገጾች ወጡ። ከ50ው 17ቱ ናቸው፤ ዝንባሌያቸው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ። ንቃቃቱን በተመለከተ ባለፈው ዓመት በየ10 ቀኑ የተመዘገበ መረጃ አለን፤ ከኅዳር 15 ተከፍቶ ሰኔ 5 ተዘግቷል። ስሙን ወደ መጨረሻው ማድረስ እንችላለን?

መልስ፦ አፈር_ቀያሽ

17 ከ50 ማለት 34 በመቶ ነው። የካምቢሶሉ ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቨርቲሶል ነው።

በደብሊውአርቢ፦ የላይኛው ቀለም 3/1 ስለሆነ ፔሊክ ነው። ላዩ በራሱ ፈረፈር ስለሚል ግሩሚክ የሚለው ይጨመርለታል፤ ደርቆ እንደ ንጣፍ የሚገጥም ቢሆን ማዚክ ይባል ነበር። ካልሲክ (ኖራ የተከማቸበት) ለመባል ረቂቁ አፈር 15 በመቶ ካርቦኔት ይፈልጋል፤ 11 አይደርስም። አሁን ትኩረት የሚሻው ከ90 ሳ.ሜ በታች ያለው ነው። 7.5 ለ55 ማለት 13.6 በመቶ ሶዲየም ነው፤ ከማግኒዥየሙ ጋር 43 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ደብሊውአርቢ ሶዲክ የሚለው ከ100 ሳ.ሜ ባልበለጠ ጥልቀት የሚጀምር፣ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ የሚወፍር ንብርብር ላይ ሶዲየም 6 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ሁለቱ ተደምረው 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ሶዲክ ፔሊክ ቨርቲሶል ይሆናል።

በአሜሪካው ሶይል ታክሶኖሚ መንገዱ በንቃቃት ቀን ያልፋል። ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ ሂሳቡን ያቀለዋል፤ ከኅዳር 15 እስከ ሰኔ 5 ድረስ 200 ቀን ነው። ከ90 በላይ ስለሆነ አስተርት (በዓመቱ ረጅም ጊዜ ተሰንጥቆ የሚቆይ ቨርቲሶል)፣ ካልሲክና ጂፕሲክ ንብርብር ስለሌለው፣ ጨውም ስላልበዛበት ሃፕለስተርት (ተራው አስተርት) ነው። 150 ቀን ስላለፈ ዩዲክ (እርጥበት የሚበዛው) አይደለም፤ 210 ስላልደረሰ አሪዲክ (ድርቀት የሚበዛው) አይደለም። በዚህ ሥርዓት ሶዲክ የሚባለው 15 በመቶ ሲሞላ ነው፤ የእናንተ 13.6 አይሞላም። ስለዚህ ቲፒክ (የተለመደው) ሃፕለስተርት። ከ25 እስከ 100 ሳ.ሜ ያለው አማካይ ሸክላ ከ60 በመቶ ስለሚበልጥ እጅግ ረቂቅ ከሚባለው ቤተሰብ ይገባል፤ የአፈር ሙቀቱ ደግሞ አይሶሃይፐርተርሚክ (ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና ብዙ የማይለዋወጥ) ነው። ስሜክቲቲክ ብሎ ለመጨረስ የኤክስሬይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ሲኢሲ ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ማሳሰቢያ፦ 200 እና 210 በጣም የተቀራረቡ ናቸው። በግንቦት የመጀመሪያው ካፊያ የላዩን ጫፍ ይደፍነዋል፤ ከሥር ግን ንቃቃቱ ገና ክፍት ነው። የሚቆጠረው በላይኛው 50 ሳ.ሜ ውስጥ፣ 25 ሳ.ሜ ውፍረት ባለው አፈር ላይ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፋው ነው። በዓይን አትፍረዱ፤ ሽቦ ስደዱበት። መጠኑም የአንድ ዓመት ሳይሆን የተለመደው ዓመት ነው።

እንደኔ እምነት ሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም ስም ጻፉ፤ ውሳኔ የምትሰጡበት ግን በደብሊውአርቢው ይሁን። ምክንያቱም ሥር ያለውን ሶዲየም በስሙ ውስጥ ያወጣዋል፤ ሌላኛው ይደብቀዋል።

መልስ፦ መስኖ_መሐንዲስ

በዚህ እስማማለሁ፤ የሚያስከትለውን ደግሞ ላስረዳ።

ከ90 ሳ.ሜ በታች የወጣ አፈር ለቦይ ግንብም ሆነ ለኩሬ ግድብ አይሁን። ሶዲየም የያዘው ሸክላ ንጹሕ ውኃ ሲነካው ይበተናል፤ ግንቡ በደረቀበት ወቅት በፈጠረው ንቃቃት ውኃ ገብቶ ከውስጥ ዋሻ ይቦረቡራል፤ ከላይ ደህና የሚመስል ግንብ በአንድ ሌሊት ይናዳል። ፈተናው ቀላል ነው። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ደረቅ ፍርፋሪ በብርጭቆ የተጣራ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ፤ አትነቅንቁት። በ10 ደቂቃና በ2 ሰዓት እዩት። መፈረካከሱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ዙሪያውን እንደ ወተት ደመና ከከበበው ተበታኝ ነው። በጉድጓድ ውኃ አትፈትኑ፤ በውስጡ ያለው ጨው መበተኑን ያፍነዋል። ከእያንዳንዱ ንብርብር አሥር አሥር ፍርፋሪ ይበቃል።

የመጀመሪያው መስኖ ላይ ውኃው ትልሙን ተከትሎ አይሄድም፤ በንቃቃቱ ወደ ታች ይሰምጣል። ንቃቃቱ ከተዘጋ በኋላ ግን የመስረጉ ፍጥነት በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ንድፍ አውጪው የመጀመሪያውን ቀን ልኬት ለወቅቱ ሁሉ ከተጠቀመ ከሁለተኛው መስኖ ጀምሮ ማሳው ላይ ውኃ ይተኛል። ልኬቱን ንቃቃቱ ከተዘጋ በኋላ ድገሙት፤ ቦዩን በእርሱ አስሉ። ከዚያ በኋላም አፈሩ ጣት እስኪያስገባ ድረስ እስኪሰነጠቅ ሳትጠብቁ አጠር ባለ ልዩነት፣ ቀለል ያለ ውኃ ስጡ።

የከርሰ ምድር ውኃ ደረጃ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ ማፋሰሻ ሳይቀድም መስኖ በመግባቱ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ብሎ ሰፊ መሬት በጨው ተበላሽቷል። በሌላ በኩል ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን የገዚራ ሸክላ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠጣ ቆይቶ በጨው ብዙ አልተጎዳም። የጥቁር አባይ ውኃ ጨው አነስተኛ ነው፤ ሸክላውም ጥልቅና ውኃ የማያሳልፍ ስለሆነ የከርሰ ምድሩ በቀላሉ ወደ ላይ አልተነሣም። የእናንተ ሜዳ ወደ የትኛው ያዘነብላል የሚለውን የሚነግራችሁ 3 ሜትር የሚጠልቅ የመመልከቻ ቧንቧ ብቻ ነው። ከመስኖው በፊት አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይነበብ። የሚመጣውን ውኃም አስመርምሩ፤ ትርፍ ሶዲየም ካርቦኔቱ በሊትር ከ2.5 ሚሊ ኢኩቫለንት ካለፈ አትጠቀሙበት።

ጂፕሰም አሁን አያስፈልግም። የላይኛው ሶዲየም 2 በመቶ ብቻ ነው። ወደፊት ከፍ ቢል ሂሳቡ ይህ ነው፦ 30 ሳ.ሜ አፈር፣ እፍጋቱ 1.3 ቢሆን በሄክታር 3900 ቶን ይመዝናል፤ 1 ሴንቲሞል በኪሎ ሶዲየም ለማስለቀቅ 3.4 ቶን ያህል ንጹሕ ጂፕሰም ይጠይቃል። የተለቀቀው ሶዲየም የሚታጠብበት ማፋሰሻ ከሌለ ግን ገንዘቡ ባከነ።

እርሻው ላይ፦ ከማረሳችሁ በፊት ከ15 ሳ.ሜ ጥልቀት አፈር አውጥታችሁ በመዳፍ አሽከርክሩት። 3 ሚሊ ሜትር የሚቀጥን ክር ሳይቆራረጥ ከወጣ ገና እርጥብ ነው፤ ትራክተር ከገባ ታችኛውን ይለስነዋል፤ ሥርም ውኃም አያሳልፍም። ሲንከባለል የሚፈረፈር ከሆነ ግቡ። ይህ ጊዜ በዋልካ ላይ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆይ ማረሻውና ነዳጁ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ለሰሊጥ 80 ሳ.ሜ መደብና 40 ሳ.ሜ ትልም አውጡ፤ የትልሙ ተዳፋት ከ0.4 እስከ 0.8 በመቶ ይሁን። ትልሙን መሀል መሀሉን ማሰር በቀላል አፈር ላይ እርጥበት ይይዛል፤ እዚህ ግን በሐምሌና በነሐሴ ውኃ አስተኝቶ ሰሊጡን ያቀጭጨዋል። ለማሽላ ማሰር ከፈለጋችሁ በሽልሻሎ ጊዜ ክፈቱት።

መልስ፦ አፈር_ቀያሽ

አንድ ጉድጓድ ለ200 ሄክታር አይበቃም። በ200 ሜትር መረብ ብትሄዱ በ4 ሄክታር አንድ፣ በጠቅላላው 50 የቦርግ (የእጅ አፈር መሰርሰሪያ) ነጥብ ይሆናል፤ ከእነዚያ ውስጥ 5 ቦታ ላይ ሙሉ ጉድጓድ ክፈቱ። ቦርግ ስሊከንሳይድ አያሳይም፤ ከእርሱ የምትፈልጉት ቀለም፣ ፒኤች፣ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚፈላ ኖራ፣ እና መሐንዲሱ የነገራችሁን የብርጭቆ ፈተና ነው። በየነጥቡ ደመናው የሚጀምርበትን ጥልቀት መዝግባችሁ ካርታ ላይ አስቀምጡ። ከ60 ሳ.ሜ ባነሰ ጥልቀት የሚጀምርበት ቦታ ካገኛችሁ ያንን ክፍል ከመስኖው ለዩት፤ እዚያ ጉድጓድ ሳይከፈት ንድፉ አይቀጥል። ባልታረሰ ዳር ላይ ጉብታና ጎድጓዳ እየተፈራረቀ ካያችሁ ደግሞ ጉድጓዱን ሁለቱንም እንዲያቋርጥ አርዝማችሁ ቆፍሩት፤ ኖራውና ሶዲየሙ ከጉብታው ሥር ወደ ላይ ቀርቦ፣ ከጎድጓዳው ሥር ርቆ ሊገኝ ይችላልና።